ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፤ ከወዳጅ መንግሥታት ጋር ሲዋዋሉ የኖሩ ሰው

በሙያችን ውል ማለት ለማናችንም እንግዳ ነገር አይደለም። መንገድ ለመሥራት፣ ድልድይ ለመጣል፣ የኤሌክትሪክ መስመር ለመዘርጋት ስንነሣ፣ ገና አንድ ድንጋይ ከቦታው ሳይነቃነቅ ማን ምን እንደሚሰጥ፣ ማን ምን እንደሚቀበል፣ ሥራው በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ፣ ንብረቱም በመጨረሻ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ እናሰፍራለን። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ የጎደለው ውል የኋላ ኋላ ጠብ እንደሚወልድ በሥራ ላይ ያየነው ነው። በመንግሥታት መካከል የሚደረገውም ውል በአሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ተዋዋዮቹን በግድ የሚዳኝ ፍርድ ቤት አለመኖሩና ዕዳውን የሚከፍለው በድርድሩ ያልነበረው ሕዝብ መሆኑ ነው። ከጠላት ጋር የሚደረግ ውል ሁሉም በጥንቃቄ ያነበዋል። አደገኛው ከወዳጅ ጋር የሚደረገው ነው፤ ወዳጅነት ዓይንን ይሸፍናልና።

የማኅበራችን የዓመት መጽሔት ከታሪካችን ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ መሐንዲስ ያልነበሩትን ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን የመረጥሁት ስለዚህ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዳሚ ቱሉ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ባልደረባችን ዛሬ ባቱ የምትባለውን ዝዋይን፣ ከዚያም መቂን አልፎ የቆቃን ግድብ ሐይቅ ያገኛል። ሞጆ ሲደርስ የጅቡቲው ባቡር ያልፍበት ከነበረው ሥፍራ ይቆማል። ቢሾፍቱ ሲገባ ደግሞ የአየር ኃይሉን ሰፈር ያያል። ግድቡ፣ ሐዲዱና የአየር ሰፈሩ፣ ሦስቱም በየመልካቸው ከ1934 እስከ 1952 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ካደረገችው ድርድር ጋር የተያያዙ ናቸው። የዚያ ዘመን የውጭ ጉዳይ ሥራ ደግሞ ከአክሊሉ ስም ተለይቶ አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልኝ እጠይቃለሁ።

አክሊሉ ሀብተ ወልድ በ1904 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከቡልጋ የመጡ ካህን ነበሩ። ከወንድሞቻቸው መካከል መኮንንና አካለ ወርቅ እንደ እሳቸው ለከፍተኛ የመንግሥት ሥልጣን የበቁ ሲሆኑ፣ ሦስቱም ያደጉት በሀብትና በመሳፍንት ዘር ሳይሆን በትምህርትና በንጉሠ ነገሥቱ ድጋፍ ነው። አክሊሉ ወደ ግብፅ ተልከው በእስክንድርያ በፈረንሳይ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግረው በሶርቦን ሕግ አጠኑ። የፈረንሳይ ቋንቋና የፈረንሳይ የሕግ አስተሳሰብ እስከ መጨረሻው ድረስ የሥራ መሣሪያቸው ሆኖ ኖሯል።

ወጣቱ የሕግ ምሩቅ ስለ ወዳጅ መንግሥታት የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኙት ከመጽሐፍ አልነበረም። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ይሠሩ ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝና የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ሆርና ላቫል፣ ከኢትዮጵያ ግዛት ሰፊውን ክፍል ለጣልያን የሚያስረክብ ዕቅድ በምሥጢር አዘጋጅተው በጋዜጣ ተጋለጠባቸው። ሁለቱም መንግሥታት በዓለም መንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን ከኢትዮጵያ ጋር የታሰሩ ነበሩ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ቆመው አቤቱታቸውን ባሰሙ ጊዜም ማኅበሩ የሰጠው ፍሬ ያለው መልስ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በነበሩት የስደት ዓመታት አክሊሉ በፈረንሳይ ሆነው ስለ አገራቸው ጉዳይ ሲደክሙ ያዩት አንድ ነገር ነው፤ አንድ መንግሥት ቃሉን የሚጠብቀው ቃሉን መጠበቅ ለራሱም ሲጠቅመው እንደሆነ። ከዚህ በኋላ የሠሩትን ሥራ ሁሉ የምናየው በዚህ ትምህርት መነጽር ነው።

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ከጣልያን እጅ ወጣች። እኛ ያለንበት የስምጥ ሸለቆ አካባቢም የዚያን ጦርነት መጨረሻ አይቷል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በእንግሊዝ ሥር የነበሩት የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች በሐይቆቹ አካባቢ ባለው መንገድ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሶዶ እየገፉ ጣልያኖቹን አስለቅቀዋል። አምስት ዓመት ሙሉ በዱር የቆዩት አርበኞችም በየበኩላቸው ተዋግተዋል። ድሉ የጋራ ነበር። ይሁን እንጂ ከድሉ በኋላ የመጣው ጥያቄ ከጦርነቱ ያላነሰ ከባድ ሆነ። ነጻ ያወጣው ወዳጅ መቼ ይወጣል? የእንግሊዝ የጦር አስተዳደር አገሪቱን ጠላት ይዞት እንደነበረ መሬት ቈጥሮ ማስተዳደር ጀመረ። ጣልያን ትቶት የሄደው የፋብሪካ መሣሪያና ተሽከርካሪ የጦር ምርኮ ነው ተብሎ ብዙው ከአገር ወጣ።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት የኢትዮጵያን መንግሥት ነጻነት በቃል አጸደቀ፤ በዝርዝሩ ግን ብዙ ነገር ያዘ። የእንግሊዝ ሚኒስትር በአዲስ አበባ ከሌሎች መንግሥታት መልእክተኞች ሁሉ ቀዳሚ እንዲሆን ተደረገ። ጦሩን የሚያሠለጥነው የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ሆነ። ኦጋዴን፣ ሐውድና ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ ጋር የሚዋሰነው መሬት፣ እንዲሁም የባቡሩ መስመር በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር ቀሩ። ለዚህ ሁሉ እንግሊዝ በመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው ዓመት 1 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ተስማማች። የሚሰጠው ገንዘብ በየዓመቱ የሚቀንስ ሲሆን የተያዘው መሬት ግን የሚቀንስበት መንገድ አልተጻፈም ነበር። በሞጆና በናዝሬት የሚያልፈው ሐዲድ፣ አገሪቱን ከባሕር የሚያገናኘው ብቸኛ የባቡር መንገድ፣ ባለቤቱ በማያዝበት ሁኔታ ላይ ወደቀ።

ሆኖም ይህ ውል አንድ በጎ አንቀጽ ነበረው። ዘመኑ ሁለት ዓመት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከሁለቱ አንዱ በሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ሊያፈርሰው ይችላል። አክሊሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን በምክትል ሚኒስትርነት በመምራት ላይ ሳሉ ሁለቱ ዓመታት አለፉ። ግንቦት 1936 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ማስጠንቀቂያውን ሰጠ። የዓለም ጦርነት ገና አላበቃም፤ ኢትዮጵያ በጀት አልነበራት፤ ጦሯ በእንግሊዝ መኮንኖች የሚሠለጥን ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ነጻ ያወጣንን ወዳጅ በወረቀት ፊት ለፊት መግጠም ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ለንደን በሎርድ ደ ላ ዋር የሚመራ ልዑክ ወደ አዲስ አበባ ላከች፤ ድርድሩም ለወራት ቆየ።

በኢትዮጵያ በኩል ዋናው ፈራሚ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መኮንን እንዳልካቸው ሲሆኑ፣ የሕጉንና የጽሑፉን ሥራ የያዙት አክሊሉና አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ነበሩ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. የተፈረመው አዲሱ ስምምነት የእንግሊዝን ሚኒስትር ቀዳሚነት አስቀረ፤ ኢትዮጵያ አማካሪዎቿን ከፈለገችው አገር እንድትቀጥር በር ከፈተ፤ የባቡሩንም መስመር መለሰ። ኦጋዴን፣ ሐውድና በድንበሩ አጠገብ ያለው መሬት ግን በእንግሊዝ አስተዳደር እንዲቆዩ ተስማሙ። በዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያለበት ቃል ገባ፤ መሬቱ የሚቆየው ኢትዮጵያ ለጦርነቱ የምታደርገው አስተዋፅኦ ሆኖ ሲሆን፣ የኢትዮጵያን ሉዓላዊነት አይነካም። ለጊዜው ባዶ ወረቀት የሚመስል ይህ ቃል ከጊዜ በኋላ ዋጋውን አሳየ። እንግሊዝ በ1941 ዓ.ም. ከኦጋዴን ሰፊ ክፍል ወጣች፤ ስለ ቀረው ሐውድና ስለ ድንበሩ መሬትም ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. በለንደን ስምምነት ተደርጎ መሬቱ ተመለሰ። በመጀመሪያው ውልና በመጨረሻው መካከል 13 ዓመት ገደማ ነው። መሬቱ ያለ ጥይት የተመለሰው የባለቤትነት ቃል በየውሉ ውስጥ ሳይቋረጥ ስለኖረ ነው።

የአየር መንገዳችንም ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የእንግሊዝ ቀዳሚነት ከቀረ በኋላ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ ጋር ተዋውላ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያን አየር መንገድ አቋቋመች፤ የመጀመሪያውም በረራ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ተደረገ። አማካሪና ባልደረባን የመምረጥ ነጻነት ምን ያህል ተጨባጭ ዋጋ እንዳለው ለሙያችን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሁለተኛው ታላቅ ድርድር በፓሪስ ነበር። በ1938 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የተከፈተው የሰላም ጉባኤ ከጣልያን ጋር የሚደረገውን ውል ሲያዘጋጅ፣ አክሊሉ በወጣትነታቸው የአገራቸውን መውደቅ ባዩበት ከተማ የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው ቀረቡ። ከድል አድራጊዎቹ ጎን መቀመጥ ብቻውን ካሣ እንደማያስገኝ ያውቁ ነበር፤ ታላላቆቹ መንግሥታት የጣልያንን ወዳጅነት እንደገና የሚፈልጉበት ጊዜ እየቀረበ ነበርና። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍልና የዘረፈቻቸውን ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ አዘዘ። ሁለቱም ግዴታዎች በጊዜያቸው አልተፈጸሙም። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። የካሣው ነገርም እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ተጓትቶ፣ በመጨረሻ ሁለቱ መንግሥታት ከመጀመሪያው ባነሰ መጠን ተስማሙ፤ ከዚያም ዋናው ክፍል በአዋሽ ወንዝ ላይ ለሚሠራ ግድብና የኤሌክትሪክ ጣቢያ ዋለ።

ይህ የቆቃ ግድብ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጩ ሦስት ተርባይኖች ነበሩት፤ ለአገሪቱ በጊዜው ትልቁ የኃይል ምንጭ ሆነ። ውኃውን በማጠራቀሙም ከበታቹ ያሉት የወንጂ ሸንኮራ እርሻና ሌሎች የአዋሽ ሸለቆ መስኖዎች በበጋ ወራት የተስተካከለ ውኃ አገኙ፤ በኋላም አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የተባሉት ጣቢያዎች ከእሱ በሚለቀቀው ውኃ ላይ ተመሥርተው ተሠሩ። ደለል የግድቡን ሆድ ዓመት በዓመት እንደሚያጠብበው ከእኛ የሚሰወር አይደለም። ነገር ግን ልናስተውለው የሚገባው ሌላ ነው። ካሣው በጥሬ ገንዘብ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በአንድ በጀት ዘመን ተበትኖ በቀረ ነበር። የተከፈለው ተርባይንና ግድብ ሆኖ ስለሆነ ካዋዋሉት ሰዎች፣ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትና ከዚያም በኋላ ከመጡት መንግሥታት ዕድሜ በላይ ኖረ።

ሦስተኛው ድርድር የክልሉን ጸጥታና የጦር ትብብርን የሚመለከት ሆኖ ከሁሉም የበለጠ የሚያከራክር ነው። የኤርትራ ዕጣ በአራቱ ታላላቅ መንግሥታት መካከል መፍትሔ ስላላገኘ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ተመራ። ለዓመታት ከተደረገው ክርክር በኋላ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው በ46 ድጋፍና በ10 ተቃውሞ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ወሰነ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የኮርያ ጦርነት ተነሥቶ ነበር። ኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም. በከንቱ የጠየቀችውን የጋራ ጸጥታ መርሕ ለሌላው በተግባር ለማሳየት የቃኘውን ሻለቃ ላከች። ወታደሮቹ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው ከዚያ በመርከብ ተጓዙ። በጦርነቱ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ይህ የደም ክፍያ በዋሽንግተን ለሚደረገው ንግግር ክብደት ጨመረ።

በዋሽንግተን በኩል ግን ዋናው ጉዳይ ከኮርያ ይልቅ አስመራ ነበር። አሜሪካኖች ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ በአስመራ ጣልያን የሠራውን የሬድዮ ጣቢያ ይዘው ይጠቀሙ ነበር። ምክንያቱን የመገናኛ መሐንዲሶቻችን በቀላሉ ይረዱታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብም ብዙ ሳይርቅ በመገኘቱ የቀንና የሌሊቱ ርዝመት በዓመት ውስጥ እምብዛም አይለዋወጥም፤ ስለዚህም በአጭር ሞገድ የሚሠራ ጣቢያ የሞገዱን ልክ ደጋግሞ መለወጥ አያስፈልገውም። በዚያ ዘመን ቴክኒክ እንዲህ ያለ ቦታ በዓለም ላይ በቀላሉ አይገኝም ነበር። የአሜሪካ የጦር ሹማምንት ጣቢያውን አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ ኢትዮጵያን ግን ለመሣሪያ ዕርዳታ የምትበቃ አገር አድርገው አይቈጥሯትም ነበር።

የአክሊሉ የድርድር ብልሃት የታየው እዚህ ላይ ነው። ጣቢያውንና የጦር ዕርዳታውን ተለያይተው እንዲታዩ አልፈቀዱም። ጣቢያው ብቻውን ከተፈረመ ኢትዮጵያ በእጇ ያለውን ብቸኛ ነገር ሰጥታ የወዳጅን በጎ ፈቃድ ስትጠባበቅ መኖሯ ነው። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. በዋሽንግተን ሁለት ስምምነቶች በአንድ ቀን ተፈረሙ፤ አንደኛው ለጣቢያው የ25 ዓመት መብት የሚሰጥ፣ ሁለተኛው ኢትዮጵያ የአሜሪካን የጦር መሣሪያና ሥልጠና እንድታገኝ የሚፈቅድ ነበር። ጣቢያውም በኮርያ በዘመተው ሻለቃ ስም ቃኘው ተባለ። ከዚያም እያንዳንዱ 6,000 ሰው የሚይዝ ሦስት ክፍለ ጦር በአሜሪካ ዕርዳታ እንዲታጠቅና እንዲሠለጥን ተወሰነ።

ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ሸክሟን በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ እንዳላሳረፈችም መታወቅ አለበት። የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን በ1943 ዓ.ም. ሲወጣ ምድር ጦሩ ወደ አሜሪካኖች ዞረ። በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉን ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ያሠለጠኑት ስዊድኖች ነበሩ። የባሕር ኃይሉን ኖርዌዮች ረዱ። በሐረር የተከፈተውን የጦር አካዳሚ የህንድ መኮንኖች አስተማሩ። አንዱ ወዳጅ ቢሄድ ሌላው እንዲቀር የታሰበበት አሠራር ይመስላል። ሆኖም በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ጉድለት ነበር። አሠልጣኞቹ ከብዙ አገር ቢመጡም ከባዱ መሣሪያ፣ መለዋወጫውና ጥይቱ ከአንድ አገር ይመጣ ነበር። ምሰሶው ብዙ፣ መሠረቱ ግን አንድ ሆነ።

አክሊሉ በ1950 ዓ.ም. ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛውረው የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ወንድማቸው መኮንን ሀብተ ወልድ ተገደሉ። በዚያው ዓመት አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ቆዩ። ሶማሊያ በ1952 ዓ.ም. ነጻ ወጥታ የኦጋዴንና የሰሜን ኬንያን መሬት ስትጠይቅ፣ አሜሪካ የኢትዮጵያን ጦር ወደ 40,000 ለማድረስ የሚረዳ ስምምነት በምሥጢር አደረገች። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያና አዲሲቱ ኬንያ የጋራ መከላከያ ስምምነታቸውን አጸኑ። በዚያው ዓመት በየካቲት በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል ውጊያ ተደረገ፤ በሐምሌም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች በካይሮ ተሰብስበው በነጻነት ጊዜ የነበሩት ድንበሮች እንዲከበሩ ወሰኑ። ከእነዚህ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ከኬንያ ጋር የተደረገው ነው። በናይሮቢም በአዲስ አበባም መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ስምምነቱ ግን በ1971 ዓ.ም. ታድሷል። ሁለቱ አገሮች የሚፈሩት አንድ ነገር ስለነበረና የእርስ በርስ ፍላጎታቸው በመሣሪያ ዋጋ የሚለካ ስላልነበረ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት የተሳካውን ነው። የሰውየውን ሕይወት በሐቅ ለመመዘን ግን ያልተሳካውም መነገር አለበት። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. የኤርትራ ፌዴሬሽን ሲፈርስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ነበሩ። ከእንግሊዝ ጋር ሲደራደሩ የእያንዳንዱን ቃል ክብደት የመዘኑ መንግሥት፣ በተባበሩት መንግሥታት ፊት የተቀበለውን ውል በገዛ ቤቱ ሲሽር ዝም አሉ ወይም ተባበሩ። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት የተደረገው ጦርነት ለማን ምን እንዳስከፈለ መዘርዘር አያስፈልግም። በውጭ የሚደረግ ድርድር ምንም ያህል ቢሳካ በአገር ውስጥ የሕዝብን ስምምነት ሊተካ እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። በሥልጣናቸው የመጨረሻ ዓመታት በወሎ ሕዝብ ላይ የወረደው ረሀብም የካቢኔያቸው ኃላፊነት ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት በራሱ በ25 ዓመቱ ውል ውስጥ የተሸሸገ ነበር። ቃኘው ዋጋ የነበረው የአጭር ሞገድ ቴክኒክ የመገናኛ ዋና መንገድ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው። ሰው ሠራሽ ሳተላይቶች መልእክት ማስተላለፍ ከጀመሩ በኋላ የአስመራ ከፍታ የነበረው ብልጫ እየሟሸሸ ሄደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካኖች የጣቢያውን ሥራ መቀነስ ያዙ። በግንቦት 1965 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሶማሊያ ከሶቪየት ኅብረት በምታገኘው መሣሪያ መስጋታቸውን ለመግለጽ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ያገኙት ከጠየቁት በጣም ያነሰ ነበር። ወረቀቱ ገና አምስት ዓመት ይቀረው ነበር፤ የወረቀቱ ነፍስ ግን ወጥታ ነበር። ጣቢያው በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ዘመኑ ሊሞላ አንድ ዓመት ሲቀረው ተዘጋ። አንድ አገር የመደራደሪያ ጉልበቷን በአንድ ቴክኒክ ላይ ስትመሠርት ያ ቴክኒክ መቼ እንደሚያረጅ የሚነግራት ባለሙያ በአጠገቧ ያስፈልጋታል። በዚያን ጊዜ የሙያችን ሰዎች በቁጥር ጥቂት ነበሩ፤ ከድርድሩም ሩቅ ነበሩ።

ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ በሐምሌ 1969 ዓ.ም.፣ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። የአሜሪካ መሣሪያ ተቋርጦ፣ መንግሥቱም ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞሮ ነበር። በዚያ ቀውጢ ጊዜ አየር ላይ የተገኙት በቀድሞው ስምምነት ዘመን የሠለጠኑት የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪዎችና የአውሮፕላን ጠጋኞች ነበሩ፤ ኤፍ 5 አውሮፕላኖችን ይዘው የአየሩን የበላይነት ለኢትዮጵያ አስገኙ። ስምምነቱ አርጅቶ ነበር፤ በስምምነቱ ዘመን የተማረው ሰው ግን አላረጀም። የቆቃ ተርባይንና የቢሾፍቱ አብራሪ በዚህ አንድ ናቸው።

አክሊሉ ይህን ለማየት አልታደሉም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ከነካቢኔያቸው ሥልጣን ለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆዩ ታሰሩ። በእስር ላይ ሳሉ ለመርማሪ ኮሚሲዮን ስለ ሥራቸው በሰፊው ጽፈው ሰጡ፤ ያ ጽሑፍ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በማስታወሻነት ታትሞ በሕዝብ እጅ ገብቷል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ከሌሎች ስድሳ ያህል ሰዎች ጋር ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ወንድማቸው አካለ ወርቅም ከሟቾቹ አንዱ ነበሩ። ዕድሜያቸው 62 ዓመት ነበር። ለኤርትራውም ለወሎውም ጉዳይ በፍርድ ሸንጎ ፊት ቆመው መልስ ሊሰጡ ይገባ ነበር፤ ጥፋታቸው ካለ በሕግ ሊጣራ፣ ከሌለም በሕግ ሊጸዱ ይችሉ ነበር። ፍርድ በጥይት በመተካቱ አገሪቱ ፍርዱንም ምስክሩንም አጣች።

በሠላሳዎቹ ዕድሜ የምንገኝ የዚህ ማኅበር አባላት እሳቸው በሞቱ ጊዜ ገና አልተወለድንም ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን ከውጭ መንግሥታትና ከውጭ ኩባንያዎች ጋር በሚደረግ ውል ውስጥ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ እንሳተፋለን፤ የግድቡ፣ የመንገዱ፣ የሐዲዱ፣ የመገናኛው ሰነድ በእጃችን ያልፋል። ከአክሊሉ ሕይወት የምንወስደው መለኪያ ቀላል ነው። ወዳጅ የሚፈልገው ነገር በእጃችን ሳለ ለብቻው አንሰጠውም። የምንሰጠውም ወሰን፣ ዘመንና ባለቤት የተጻፈለት ይሁን። የወዳጅ ፍላጎት እንደሚያልፍ አስቀድመን አውቀን፣ ፍላጎቱ ሳያልፍ በምድራችን ላይ ወደሚቀር ግንብና በሰዎቻችን ውስጥ ወደሚቀር ዕውቀት እንለውጠው። ከዚህም ጋር እሳቸው የነበሩበት መንግሥት የዘነጋውን እንጨምርበት፤ ከውጭ ወዳጅ ጋር የገባነውን ቃል የምንጠብቀውን ያህል፣ ለገዛ ወገናችን የገባነውን ቃል መጠበቅ ግዴታችን ነው።